ከናስትሮው ወዲህ

«አምስት» አለች ጠበቃዋ፣ የሻይ ማጥለያውን ከውሃው ውስጥ እያወጣች። ማጥለያው ላይ ጣት የማታክል ቀይ ዓሣ በጎኗ ተኝታለች። «ትናንት ሁለት፣ ዛሬ አምስት። ምን ነክቷቸው ነው?»

«ጌታቸውን እየተከተሉ ነዋ!» አለች የሟች አክስት ከሶፋው ላይ ከንፈሯን እየመጠጠች። «ዓሣ እንኳ አዘነ። ዕንባ የሌለው ሰው ግን ሞልቷል።»

ለማን እንደተባለ ቤቱ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ ገባው። ቧንቧ ሠራተኛው ገና በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እየጠረገ ነበር። ትናንት ያለውን አንድ ወንድሙን ቀብሮ አንዲት ዘለላ ዕንባ አልወጣውም። ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እሱ የጉድጓዱን ግድግዳ እያየ፣ «ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚያዠው? ላይ የሆነ ቦታ የፈነዳ ቧንቧ አለ» ብሎ አጠገቡ ለቆመው ሰው ሹክ አለ። እውነቱን ነበር፤ የፈነዳ ቧንቧ ነበር። ግን ስለ እውነቱ ማን ጠየቀው? ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤት ገብቶ ጠበቀው።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ፣ እንደ ሩቅ ሰው። ከዚያ ሄዶ የተለመደው የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቦታውን ማንም አይወስድበትም። ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ተነስቶ እስከ ሶፋው እግር ድረስ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈ ቀይ መስመር አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ናስትሮ ነው። ከናስትሮው እስከ ዓሣው ገንዳ ልክ ሁለት ሜትር ነው፤ ወንድሙ በሜትር ለክቶ ነው የለጠፈው። ከለጠፈው ሦስት ዓመቱ። መጥረጊያና ጫማ ፈግፍገውታል እንጂ አልለቀቀም።

ጠበቃዋ የሟች አንድያ ልጅ ናት፤ ለቀብር የመጣችው ከሌላ ከተማ ነው። ማጥለያውን አስቀምጣ የአጎቷን እግር አየች። የጫማው አፍንጫ ከቀዩ መስመር አንድ ጣት ወደ ኋላ ቆሟል።

«አጎቴ፣ አሁንም እዚያ ነው የምትቀመጠው?»

«ቦታዬ ነው።»

«አባዬ እኮ የለም።»

«ናስትሮው አለ።»

ጠበቃዋ ተንበርክካ የናስትሮውን ጫፍ በጥፍሯ ፋቀች፤ ስንዝር የሚያህል ተላቀቀላት። ወዲያው ከውጭ የልቅሶ ድምፅ ተሰማና አዲስ ለቀስተኞች ገቡ፤ እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልትቀበላቸው ተነሳች። የተላቀቀው ጫፍ ተጠቅልሎ ቀረ።

ገንዳው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዟል፤ በር ቢጋደም ያህላል። ውስጡ ሣር አለ፣ ሰፋፊ ቅጠል አለ፣ ሥር የለበሰ ግንድ አለ፤ በመሀከላቸው ዓሦች። ሟቹ በሕይወት ሳለ ቤቱን አረንጓዴ ብርሃን ያለብሰው ነበር። አሁን ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። የሞቱ ወሬ የተሰማ ዕለት አክስት ገና ከመግባቷ ያደረገችው፣ «ሰው ሞቶብን ቤቱን ዳንስ ቤት ታስመስሉታላችሁ?» ብላ የመብራቱንና ለውሃው አየር የሚነፋውን ሞተር ሶኬት መንቀል ነበር። መብራቱ ያበራል፣ ሞተሩ ይንጎራጎራል፤ ሁለቱም ለሐዘን አይሆኑም አለች። ከዚያ ገንዳውን ጥቁር አልብሳ፣ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የማያበራውንና የማይጮኸውን ግን አልነካችውም።

ቧንቧ ሠራተኛው ያየው እሱን ነው። ጨርቁ ባልደረሰበት በገንዳው ጎን አውራ ጣት የምታህል የመስታወት ብልቃጥ ተንጠልጥላለች። በውስጧ ትንንሽ አረፋ ይወጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ጋዙ ክፍት ነው። ወንድሙ በሞተበት ቀን ጠዋት ከፍቶት ወደ ሥራ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የዘጋው የለም።

ይህን ለማወቅ የፈጀበት እግሩን አጣምሮ እስኪቀመጥ ነው። ለመዝጋት ደግሞ ከገንዳው ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፍቶ እጁን መክተት፣ የጋዙን ቫልቭ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል።

አልተነሳም። የሻይ ብርጭቆውን ተቀበለና አረፋውን መቁጠር ጀመረ።

ቫልቩን የገጠመው እሱ ነው። አራት ዓመት ይሆነዋል። «መፍቻ፣ ና እስቲ አንድ ነገር ግጠምልኝ» ብሎ ወንድሙ ጠራው። መፍቻ ያለውም ወንድሙ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት ትቶ ቧንቧ ሥራ ሲገባ፣ ታላቅየው ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «እናታችን አንድ እስክሪብቶና አንድ መፍቻ ወለደች» አለ። ተሳቀ። በቃ፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። እስክሪብቶው ፋርማሲስት ሆነ።

ፋርማሲስቱ ያን ቀን የጋዙን ሲሊንደር እያሳየ አስረዳው፤ «ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ነው። ተክሎቼ ይበሉታል። የሚበሉት ግን ብርሃን ሲኖር ነው፤ ሲጨልም አይበሉም፣ እንዲያውም ከዓሦቹ ጋር አየር ይሻማሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ከተረሳ ዓሦቼ ታፍነው ያልቃሉ። ገባህ ወይስ ልድገመው?»

ገባህ ወይስ ልድገመው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ።

«በሰዓቱ ራሱ የሚዘጋ ነገር ልግጠምልህ ጋሼ? አለ እኮ።»

«እኔ የማላምናቸው ሁለት ነገሮች አሉ» አለ ፋርማሲስቱ። «አንዱ ራሱ የሚዘጋ ነገር ነው።» ሁለተኛውን አልተናገረም፤ የወንድሙን እጅ አየት አደረገ።

እጁ ግን ሥራውን ሠራ። ወንድሙ የሳሙና አረፋ እየቀባ መገጣጠሚያውን ሦስት ጊዜ ፈተሸ፤ ትንፋሽ አይወጣም። «ጎበዝ» ለማለት አፉ የተሰፋ ይመስል «እሺ፣ እጅህን ታጠብና ና ብላ» አለው። በአራት ዓመት አንዴ እንኳ ያላፈሰ ቫልቭ ነው።

«ሟችን በምን ታውቀዋለህ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠ መነጽራም ለቀስተኛ።

«ወንድሜ ነው።»

«ወንድም ነበረው እንዴ? አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ እናቱ እሱን ብቻ የወለደች ነበር የሚመስለን።»

«አይ፣ አለው እንጂ!» አለች ከጎኑ ያለችው ሴትዮ። «ያ ዓሣዎቹን የፈጀበት...» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መነጽራሙ ሻዩን ሳበ። ቧንቧ ሠራተኛው ፈገግ አለ፤ ጥርሱ ብቻ። ከተክሎቹ መሀል አንድ ቢጫ ዓሣ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ከውሃው በላይ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርግ ጀመር። ጨርቁ ከተገለጠበት በኩል ጥርት ብሎ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጠበቃዋ አጠገቡ መጥታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አጎቴ፣ አንተ ውሃ ታውቃለህ። ምን ይመስልሃል?»

«እኔ የማውቀው ሰው የሚጠጣውን ውሃ ነው። የዓሣ ውሃ ምሁር ይፈልጋል።»

«አታሹፍብኝ፤ ከልቤ ነው። ዐሥራ ስድስት ቀርተዋል። አባዬ የተወልኝ... እኔ ከዚህ ቤት ወንበርም አልፈልግ፣ አልጋም አልፈልግ። እነዚህን ይዤ መሄድ ነው የምፈልገው።»

«እኔም ከልቤ ነው። አባትሽ ሁለት ሜትር ራቅ በል ብሎኛል። የሟች ቃል ይሰበራል?»

ፊቱን አየችው። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። ስትሄድ ትከሻዋ ልክ እንደ አባቷ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እሱም ይህን አይቶ ፊቱን ወደ አረፋው መለሰ።

የናስትሮው ነገር የሆነው በእሷ ምርቃት ነበር። ከግብዣው በፊት በነበረው ሳምንት ፋርማሲስቱ የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንዲያይለት ወንድሙን ጠራው፤ እሱም መጥቶ ጠግኖ ሄደ። ሊወጣ በገንዳው በኩል ሲያልፍ ብሎን አምልጦት ገንዳው ውስጥ ወደቀችና እጁን ከትቶ አወጣት። ያው ነው ወንጀሉ፤ እጁን ከትቶ ብሎን አወጣ። በግብዣው ቀን ጠዋት ዐሥራ አንድ ዓሣ ሞቶ ተገኘ።

ማታውን በጥሪው የመጣው እንግዳ ሳሎኑን ሞላው። ቧንቧ ሠራተኛው አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ፣ ጥፍሩን በብሩሽ ፈግፍጎ መጣ። ገና ብርጭቆ ሲያነሳ ወንድሙ አጨብጭቦ ሰውን ዝም አሰኘ።

«ክቡራን! ዛሬ ከቤታችን ጠበቃ ወጥታለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ችሎት እዚሁ እንከፍታለን። ተከሳሹ ይኸውላችሁ፣ መፍቻ! ቅባት የነካ እጁን ገንዳዬ ውስጥ ከትቶ ዐሥራ አንድ ነፍስ አጥፍቷል።»

ሳቅ ሆነ። ቧንቧ ሠራተኛውም ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

ገንዳው ውስጥ ወንድሙ «ዳኛው» የሚለው ዓሣ ነበር፤ መዳፍ የሚያህል፣ ጥቁር መስመር ያለው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው የሚያይ። ከጣቱ ነው የሚበላው። ፋርማሲስቱ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ «ዳኛው ሆይ፣ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» አለ። ዓሣው እየዋኘ መጣና ጣቱ ፊት አፉን ከፈት አድርጎ ዘጋ።

«ጥፋተኛ ነው አለ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስት ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ፋርማሲስቱ ቀይ ናስትሮና ሜትር ይዞ የተንበረከከው። «ፍርዱ፦ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሜትር!» እያለ ለጠፈው። ጠበቃዋ ካባዋን እንደለበሰች «አባዬ፣ በቃ ተው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከሳቁ በላይ አልሆነም። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ናስትሮው የእግሩ ጣት ጋ ደርሶ ነበር።

ለቀልድ ነበር አሉት በኋላ። ቀልድ ከሆነ በማግሥቱ ይነቀላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ነቀለው?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስድስት ሞቱ። ቀንድ አውጣዎቹ ሳይቀሩ ውሃውን ለቀው የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ተኮልኩለዋል።

ጠበቃዋ ነገሩን እንደ ሙያዋ ያዘችው። መጀመሪያ ምግብ ነው አለች፤ የለቀስተኛ ልጆች ዳቦ ሲቆራርሱ አይታለች። ከገንዳው አጠገብ ልጅ እንዳይደርስ ከለከለች። ቀጥላ አክስትን ጠየቀቻት፤ «እማማ፣ ለዝንቡ ብለው መድኃኒት ነፍተው ነበር?»

«እኔን ነው የምትመረምሪኝ?»

«ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«በረንዳ ላይ ነው የነፋሁት። በረንዳ!»

እውነቷን ነበር። ያም ተሠረዘ። ከዚያ ከአባቷ መድኃኒት ቤት የውሃ መመርመሪያ ወረቀት አስመጥታ ነከረችው። ክሎሪን የለም። አሲዱ ግን ከፍ ብሏል። «አሲድ ከየት መጣ?» እያለች ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ቧንቧ ሠራተኛው የብልቃጧን አረፋ አየ። ያ ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ያኮመጥጠዋል፤ ይህንንም ወንድሙ ሁለት ጊዜ ደግሞ ነግሮታል።

አመሻሽ ላይ የገንዳውን ሩብ ውሃ ቀድታ ንጹሕ ውሃ ጨመረችበት። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ስታይ ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው ሲዋኙ አገኘቻቸው። እንደ ልጅ አጨበጨበች። «ተሻላቸው! እዩ፣ ተሻላቸው! ሞተሩንም ልሰካው እማማ?»

«አይሆንም። ይኼ የሐዘን ቤት ነው ወፍጮ ቤት?»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሞቱ። ቀድመው የሞቱት ዐሥራ ሦስት ነበሩ፤ በድምሩ ሃያ ሁለት። የቀረው ዳኛው ብቻ ነው።

ሳሎኑ ያን ሰዓት ሙሉ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ሰዎች አሉ፣ ጎረቤት አለ። ጠበቃዋ ማጥለያውን ይዛ ቆማ ለራሷ ታወራለች፤ «ውሃ ስቀይርላቸው ይሻላቸዋል፤ ሲነጋ ይሞታሉ። ስለዚህ የሚገድላቸው የኔ ውሃ አይደለም። ከቀየርኩ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚገባ ነገር አለ...»

«ጎበዝ» አለ ቧንቧ ሠራተኛው በልቡ። ስንዝር ቀራት።

«ምን የሚገባ ነገር አለ?» አክስት ከሶፋው ጮኸች። «አንቺ ነሽ የገባሽበት! አባትሽ ዘጠኝ ዓመት ያኖራቸውን በአራት ቀን አወደምሻቸው። በቁሙ አልጠየቅሽው፣ ሞቶ ደግሞ ዓሣውን ፈጀሽው!»

ለቀስተኛው ወደ ጠበቃዋ ዞረ። ሳቅ የለም በዚህኛው ችሎት፣ ግን ያው ዓይን ነው። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ጆሮዋ ቀላ። ማጥለያው ከእጇ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ያን ፊት ቧንቧ ሠራተኛው ያውቀዋል፤ በዚያች ማታ ከዚህ ቤት ወጥቶ የመኪና መስታወት ውስጥ ያየው ፊት ነው።

ደስ አለው። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለው። የፋርማሲስቱ ልጅ፣ በፋርማሲስቱ ሳሎን፣ በፋርማሲስቱ ዓሣ። ደስታው ግን ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ አለቀ፤ ከሥሩ የተረፈው ምን እንደሆነ አላወቀም፤ አፉን መረረው።

ጠበቃዋ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ላይ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አለ።

«የገንዳው ደብተር ነው። ዕለት ዕለት ይጽፍበት ነበር። አጭር አጭር ምልክት ነው፣ አልገባኝም። ይሄ ‘ጋ’ የሚለው ምንድን ነው? በየቀኑ ‘ጋ ሁለት ሰዓት፣ ጋ ዐሥራ አንድ ሰዓት’ ይላል። የመጨረሻው ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለው። አጎቴ፣ እባክህ። አንድ ቀርቷል። እየው።»

ዳኛው ውሃው አናት ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ዘመም ብሏል።

«ደብተሩን አምጪ እስቲ ልየው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። ሊያየው የፈለገው የመጨረሻውን ገጽ አልነበረም። ወደ ኋላ ገለጠ፣ ገለጠ፤ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ። በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። የወንድሙ ጽሑፍ ያምራል፤ እንደ ማተሚያ ነው።

«ማክሰኞ። የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ጨመርኩ።

ሐሙስ። የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ጨመርኩ።

ቅዳሜ። 11 ሞቱ።»

ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ቀን፤ ከግብዣው ሳምንት በኋላ፦

«ስህተቱ የእኔ ነው። ማክሰኞ መጨመሬን ረስቼ ሐሙስ ደገምኩት። ወንድሜ አይደለም። መንገር አያስፈልግም፤ እሱም ረስቶታል። ለሰው መድኃኒት የምሰጥ ሰው መጠን ረሳ ቢባል ጥሩ አይደለም። ናስትሮው ይቆይ፤ እንግዳ ያስቃል።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛውን ቆሞ ነው ያነበበው።

«እሱም ረስቶታል!» አለ ጮክ ብሎ። «አክስቴ፣ ይሄን ያንብቡ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

«እኔ አነብልዎታለሁ።»

አነበበም፤ ከፊደል ፊደል እየተደናቀፈ። ለዚህች ሰዓት ሦስት ዓመት ተለማምዷል። በልምምዱ ግን ወንድሙ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ያ ረጅም አንገቱ ተደፍቶ ነበር የሚሰማው። አሁን የሚሰሙት መነጽራሙና ጎረቤቶች ናቸው፤ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ሰው አሳለ።

«ሙት ወቃሽ አትሁን» አለች አክስት። «ዐሥራ አንድ ዓሣ ነው፤ ሰው አልገደለ! ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄን ተሸክመህ ትዞር ነበር? አይ አንተ። ወንድምህስ እንዲህ አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረው።» ወደ ጓዳው ዞራ፣ «ሻይ ድገሙ እስቲ ለሰው» አለች።

ሻይ ተደገመ። በቃ፤ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የጠበቀው ነገር ሁለተኛ ዙር ሻይ እስኪቀዳ አልቆየም።

ጠበቃዋ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ በዕንባ ረጥቧል።

«አንተ አልነበርክማ» አለች። «ያኔም ተው ብዬው ነበር። ተው ብዬው ዝም አልኩ፤ ካባዬን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ። አጎቴ፣ ይቅር በለኝ። ስለ እሱም ይቅር በለኝ።» ተንበረከከች። ያን ቀን የጀመረችውን የናስትሮ ጫፍ ያዘችና ሳበችው። ሦስት ዓመት የያዘ ሙጫ ክርርር እያለ ክንድ የሚያህል ተነሳ።

«ተዪው» አለ።

«አልተውም። ዛሬ ይነቀላል።»

«ተዪው አልኩሽ እኮ!»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ናስትሮውን ተሻግሮ ነበር። ሁለት ሜትሩን በሦስት እርምጃ ጨረሰ፤ ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ ሳያይ እጁን ከተተ። ጣቱ ቫልቩን አገኘው። ወንድሙ በመጨረሻው ጠዋት ወደ ግራ አዙሮ ከተወው ወዲህ ማንም አልነካውም። ወደ ቀኝ፣ ሩብ ዙር። ልክ እንደ ገጠመው ቀን ለስለስ ብሎ ዞረ። በብልቃጧ ውስጥ አንድ አረፋ ወጣ። ሌላ አልተከተለም።

ገንዳው ውስጥ ዳኛው በጎኑ ተንሳፍፏል። ወደ ቧንቧ ሠራተኛው በኩል ያለው ዓይኑ ክፍት ነው። አፉን አንዴ ከፈት አደረገ፣ ዘጋ። ዳግመኛ አልከፈተውም።

«‘ጋ’ ማለት ጋዝ ነው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ቁምሳጥኑን እየዘጋ። «ክፍት ነበር። እሱ ነው ያፈናቸው። አንቺ አይደለሽም። ሰምታችኋል? እሷ አይደለችም!»

አክስት የሞተሩን ሶኬት፣ ከዚያ የራሷን እጅ አየች። ጠበቃዋ እንደተንበረከከች፣ ናስትሮውን እንደያዘች ነው።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለች። ለስለስ ያለ ድምፅ ነበር፤ ምናልባት ፍርድ ቤትም እንዲህ ነው የምትጠይቀው።

ማለፍ ይችል ነበር። አሁን ደብተሩን ሳይ ነው ቢል ማን ያውቃል? መንገር አያስፈልግም ብሎ መተው ይቻላል፤ የተማረ ሰው እንኳ አድርጎታል።

«በቀብሩ ማግሥት» አለ። «ጠዋት። ገብቼ እንደተቀመጥኩ።»

«አምስት የሞቱ ቀን።»

«አዎ።»

«ስጠይቅህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስንት ነበሩ ያኔ በሕይወት?»

«ዐሥራ ስድስት።»

«ቆጥረሃቸዋል?»

«ቆጥሬያቸዋለሁ» አለ። አራት ቀን ሙሉ እምቢ ያለው ዕንባ አሁን፣ ሰው በማይፈልገው ሰዓት፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ መጣ። ለወንድሙ ይሁን ለዓሣው እሱም አላወቀም። በእጁ ጀርባ ጠረገውና ወደ ወንበሩ ለመመለስ ተራመደ። አንድ እግሩ መስመሩን አልፏል፤ ሌላው ገና ናስትሮው ላይ እንዳረፈ ቆመ።

ጠበቃዋ አላለቀሰችም። የነቀለችውን ናስትሮ ወለሉ ላይ መልሳ ዘረጋችው፤ ቀጥ አድርጋ፣ የድሮው ምልክት ላይ። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ጀምራ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ታጣብቀው ጀመር። ትጫናለች፣ በጉልበቷ ትጠጋለች፣ ደግሞ ትጫናለች። የአጎቷ ጫማ ጋ ስትደርስ ጣቷን አቆመች። ቀና ብላ አላየችውም፤ ጠበቀች።

እሱም እግሩን አነሳና ወደ ወንበሩ በኩል አደረገው።

ጫማው የነበረበትንም ቦታ ጠበቅ አድርጋ አጣበቀችው።